ሦስተኛው ምሰሶ

ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? ሥራው፣ ብቸኝነቱ እንዴት ይዞሻል? እናትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን እግዜር ጠብቆላታል። እኔ ፈርቻለሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለአንቺ ልንገርሽ።

አዲሱ ድልድይ ሲሠራ ኮንክሪቱን በጥድፊያ ስለሞሉት፣ የአራቱም ምሰሶዎች ሆድ ቦታ ቦታው ላይ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አሁን ድልድዩን በብረት አስደግፈን እየጠገንን ነው። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ምሰሶውን በመዶሻ መታ መታ አደርገዋለሁ። የሞላው ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ ክፍተት ያለበት እንደ ባዶ ጀሪካን ድም ይላል። እሱን በጠመኔ እከበዋለሁ፣ ወጣቶቹ ሠራተኞች፣ ልጆቹ፣ ፈልፍለው እንደገና ይሞሉታል። ትንሽ ሳለሽ የቤታችንን ግድግዳ እያንኳኳሽ፣ "አባዬ፣ ይሄኛውስ?" ትይኝ ነበር።

ሠራተኛው "አባ ጆሮ" ይለኛል። ጆሮዬ ግን ከሄደ ሰነበተ። ሠላሳ ዓመት ከመሰርሰሪያ ጋር ስኖር፣ ጩኸቱ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ወሰደብኝ። ባዶውን የምለየው ንዝረቱን በመዳፌ እያዳመጥኩ ነው፤ ከሥራ እንዳያስወጡኝ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ትናንት ሦስተኛው ምሰሶ ላይ መዳፌም ምንም አልነገረኝም። ኢንጂነሯ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ከንፈሯን አየሁ እንጂ አልሰማኋትም። "ደህና ነው" አልኳት። እሷም ጻፈችው።

የብረት ድጋፉ ነገ ጠዋት ይነሳል። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቹ በዚያው ምሰሶ ጥላ ተደርድረው ሲሳሳቁ አየሁ። አጠገባቸው መቀመጥ ፈርቼ፣ ሥራ ያለብኝ መስዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አየሽ የአባትሽን ነገር?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ይህን ደብዳቤ እንዳሸግሁ ወደ ኢንጂነሯ ቢሮ እሄዳለሁ። "ጆሮዬ አይሰማም፤ ሦስተኛውን ሌላ ሰው ይምታው" እላታለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምሆን አላውቅም።

የምትረግጪው መሬት ሁሉ ይጽናልሽ፣ ልጄ። ክፉ አይንካሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው እሑድ ደውለሽ ብዙ አወራሽኝ። ድምፅሽ ከሩቅ ሽው ሽው ሲል ቆይቶ አቆመ። ተራዬ ነው ብዬ፣ "ደህና ነው፣ ልጄ፣ ደህና ነው" አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ አልደወልሽም። እባክሽ፣ ምን እንደነገርሽኝ ጻፊልኝ።

አባትሽ