ፈረንጇ አልተነሳችም

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ይኸው ሁለተኛው የእርሻ ወራት ገባ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ አሁን ከሁላችንም ትሻላለህ። ማንም አጥር ላይ ቆሞ አይጠራህም። እኛን ግን ይጠሩናል። ትናንት አንድ ገበሬ በማለዳ መጥቶ ከቀርከሃው አጥር ውጭ እንደቆመ፣ «እኔስ ምን ላድርግ፣ እሱ ሞቶ ማረሻዬ ዶለዶመ» ብሎ እናቴን ተቆጣት። ማረሻውን ለማስቸገር ብለህ የሞትክ ይመስል። እናቴም ይቅርታ ጠየቀችው። ስለ መሞትህ ይቅርታ ጠየቀችልህ፣ አባዬ።

ቤቱ ብዙ ተለውጧል። ወናፉን አይጥ በላው። ብረት የምትቀጠቅጥበትን መስፍና ጉጠቱን አጎቴ ወደ አዘና ወስዶ እዚያ ይሠራበታል። ከሰል ታከማችበት የነበረው ጥግ አሁን የእናቴ ጭቃ ማስቀመጫ ሆኗል። እሷም እንደ ድሮዋ በገበያ ቀን ሸክላዋን ተሸክማ ትወርዳለች። እንስራዋን ገዝተው ውኃ ይቀዱበታል፣ ጋኗን ገዝተው ጠላ ይጠምቁበታል፣ ከእጇ ግን ውኃ ተቀብለው አይጠጡም። ይህ ድሮ ያስቀኝ ነበር። ዘንድሮ ማሳቁ ቀረ።

ብዙ ጊዜ ትዝ የምትለኝ ወናፍ እየነፋሁልህ ፊደል ስቆጥር ነው። እኔ ሀ ስል አንተ በመዶሻህ ትቀበለኝ ነበር፤ ሁ ስል እንደገና። ፊደል የተማርኩት በአንተ መዶሻ ነው። ለትምህርት ቤቱ በር ማጠፊያ ሠርተህ ስትጨርስ ዋጋህን ሲጠይቁህ፣ ልጄን መዝግቡልኝ ብቻ እንዳልክም አውቃለሁ። ይህን ሳስብ እወድሃለሁ። ሌላው ነገር ትዝ ሲለኝ ደግሞ እናደድብሃለሁ። ማረሻ ልታደርስ ስትሄድ የራስህን ዋንጫ በስልቻህ ትይዝ ነበር። ጠላ ሊሰጡህ ሲሉ፣ ለሌላ ሰው የማይቀርበውን የተሸረፈ ቅል ፍለጋ ወደ ጓዳ ሲገቡ እንዳያፍሩ፣ አንተ ቀድመህ ዋንጫህን ታወጣላቸዋለህ። እነሱም «እሱ እኮ ጨዋ ነው» ይሉሃል። ለምን ብዬ ብጠይቅህ «ሰው አታሳፍሪ» አልከኝ። የእነሱን እፍረት አንተ ተሸክመህ ኖርክ። ለእኔም አውርሰኸኝ ሄድክ።

አሁን አራተኛ ክፍል ነኝ። እናቴ ከገና ጀምሮ «ይበቃሽ» ትለኛለች። አሥራ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ ሸክላውን ተማሪ ትላለች። ክፉ አስባ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ በመጨረሻው ወንበር ብቻዬን ስቀመጥ ታውቃለች። እስከ ወላጆች በዓል ታገሺኝ፣ ከዚያ በኋላ እወስናለሁ አልኳት። ይህን ያልኩት በመምህር ታደለ ምክንያት ነው።

መምህር ታደለን አታውቀውም፤ ዘንድሮ ነው ከአዲስ አበባ የመጣው። ወጣት ነው፣ ቅን ነው፣ የቆሰበርን ብርድ ስላልቻለው ካፖርቱን አውልቆ አያውቅም። አገውኛ አንድ ቃል አይሰማም። አንድ ቀን ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶግራፍ ይዞ ገባ። ከረባት ያሰረ ጥቁር ሰው ነው፣ ብዙ ሕዝብ ይከተለዋል። አሜሪካ አገር ያለ ቄስ ነው አለን። ስሙንም ነገረን፤ እኛ ግን ለምላሳችን ስለከበደን «ቄሱ» እያልን ቀረን። በዚያ አገር ጥቁሮች አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ነው የሚቀመጡት፣ ነጭ ሲመጣ ደግሞ ተነስተው ይለቁለታል አለን። አንዲት ሴት አልነሳም ብላ ታሰረች። ቄሱም ሕዝቡን ሰብስቦ እኩል እስክንቀመጥ በእግራችን እንሄዳለን አለ፣ ሄዱም። ሰው አልመቱም፣ ድንጋይ አልወረወሩም። በመጨረሻ ሕጉ ተለወጠ።

ክፍሉ በሙሉ ተቆጣ። ይስማው፣ ያ አፈኛው፣ «ፈረስ የላቸውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ተቀብሎ «እኛስ ከተወለድን ጀምሮ በእግራችን ነን፣ ማን ጻፈልን?» አለና ሳቅ ሆነ። አንጓች ግን አለቀሰች። አንጓችን ታውቃታለህ፣ የጭቃ ሹሙ ልጅ ናት። «ሰው ከሰው ጎን ቢቀመጥ ምን ይሆናል?» ብላ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። አምና እርሳሷ ወድቆ ባነሳሁላት ማግስት ሆዷን ቆረጣት፣ ቡዳ በላት ተብሎ ጸበል የተወሰደችው አንጓች ናት እንዲህ ያለችው። እኔ ከመጨረሻው ወንበር ሆኜ ጀርባዋን አየሁ። ወንበሩ አራት ሰው ይይዛል። አንድም ሰው ወደ ኋላ አልዞረም። መምህሩ ግን በእንባዋ በጣም ደስ አለው።

ቢሆንም ተስፋ አደረግሁ፤ ይህን አልደብቅህም። ታሪኩ በደንብ ከገባቸው አንድ ቀን አንዷ ዞር ትላለች ብዬ አሰብኩ። መምህሩም ስለ አውቶቡሱ ጭውውት አዘጋጅተን በወላጆች በዓል እናሳያለን ሲል ተስፋዬ ጨመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍልህ እንኳን ራሴን ያመኛል። ጥቁሮቹን መሆን ሁሉም ፈለገ። አልነሳም የምትለዋን ሴት ለመሆን ሴቶቹ ተጣሉ፣ አንጓች አሸነፈች። ቄሱን ለመሆን ወንዶቹ ተገፋፉ። ፈረንጅ መሆን የሚፈልግ ግን ጠፋ። ያን ጊዜ ይስማው እጁን አውጥቶ «ፈረንጇ እሷ ትሁን» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ሁሉም በአንድ ድምፅ አዎ አሉ። ፈረንጇ ከፊት ብቻዋን ነው የምትቀመጠው፤ እኔ ከሆንኩ ማንም ከጎኔ መቀመጥ የለበትም። መምህር ታደለ ግን «አያችሁ፣ ለዓይን አፋሯ ጓደኛችሁ የፊቱን ወንበር ሰጣችኋት» ብሎ አመሰገናቸው። እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። የቀጥቃጭ ልጅ፣ ቡዳ እየተባልኩ ያደግሁት እኔ፣ ጨቋኟን ፈረንጅ ሆንኩልህ።

ይህም ባልከፋ። ችግሩ የጭውውቱ መጨረሻ ላይ መጣ። መምህሩ እንዳሰበው፣ ሕጉ ከተለወጠ በኋላ ጥቁሮቹ ከፈረንጇ ጎን ተቀምጠው አንድ ዳቦ ተካፍለው ይበላሉ። በልምምዱ እዚያ ስንደርስ ልጆቹ ሁሉ ቆመው ቀሩ። በአገውኛ እርስ በርሳቸው፣ እሷ የነካችውን አንበላም፣ ከእሷ ጋርም አንቀመጥም ተባባሉ። መምህሩ ምን አሉ ብሎ ይስማውን ጠየቀው። ይስማው ዓይኑን ሳያሽ «ወንበሩ ጠባብ ነው ነው የሚሉት» አለው። ምስኪኑ መምህር ወንበሩን በስንዝር ለካ። በማግስቱ ከቄስ ትምህርት ቤት ረጅም አግዳሚ ለምኖ፣ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ መጣ። ያን ጊዜ ደግሞ ይስማው «ዳቦው አያዳርስም ይላሉ» አለው። ትልቅ ዳቦ አስጋገረ። ልጆቹ እንደቆሙ ናቸው።

ለምን አልነገርሽውም ትለኛለህ? ምን ልበለው? መምህር፣ ቡዳ ስለሚሉኝ ነው ልበለው? ያን ቃል በገዛ አፌ እንድጠራው? አንተስ ብትሆን ዋንጫህን አውጥተህ ዝም ትል ነበር።

በመጨረሻ አንጓች መላ አመጣች። «ፈረንጇ ትነሳና ቦታውን ለእኛ ትልቀቅልን» አለች። መምህር ታደለ ትንሽ አሰበና «ይሄ እንዲያውም ይበልጣል፣ ጨቋኙ ተጸጽቶ ይነሳል» ብሎ ደስ አለው። ስለዚህ እኩልነቱ ሲመጣ እኔ ተነስቼ ጥግ እቆማለሁ፣ እነሱ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። ይህን ደጋግመን ተለማመድን። በተነሳሁ ቁጥር «ጎበዝ» ይለኛል።

በዓሉ ዕለት ሜዳው ሞላ። ቄሶቹ ከፊት፣ ሹማምንቱ በወንበር፣ ሴቶቹ ሣሩ ላይ። ከዳንግላ በጋሪ የመጡ ነጋዴዎችም ነበሩ። እናቴ አልገባችም፤ ከአጥሩ ውጭ በቀርከሃው መሃል ስታይ አየኋት። ፊቴን በጠመኔ ነጭ አድርገውኛል፣ የመምህሩን ባርኔጣ ደፍቼ ጆሮዬ ድረስ ወርዷል። አንድ ልጅ ሰፌድ ይዞ እንደ አውቶቡስ መሪ ያዞራል። አንጓችን ተነሺልኝ ስላት ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ድምፄ ለራሴ እንኳን አልተሰማኝም ነበር፣ ቢሆንም ተናደዱብኝ። አንዲት ባልቴት «ይቺ ርጉም፣ መሬት አይበቃትም!» ስትለኝ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለአንጓች «በርቺ ልጄ፣ እንዳትነሺላት» አሏት። እኒህ ሽማግሌ የአንተን ማረሻ ከመሬት ነበር የሚያነሱት፤ ከእጅህ አይቀበሉህም ነበር።

ከዚያ ሕጉ ተለወጠ ተባለ። የምነሳበት ጊዜ ደረሰ። አንጓችና ሌሎቹ ዳቦውን ይዘው ፊቴ ቆሙ። መምህሩ ከጎን ሆኖ በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

አልተነሳሁም።

ጀግንነት እንዳይመስልህ፣ አባዬ። በጣም ስለሰለቸኝ ነው። እነሱ እኩል ናቸው እንዲባል እኔ የምነሳው ለምንድን ነው እያልኩ በሆዴ ስሟገት ጊዜው አለፈ፤ ከዚያ መነሳቱን ተውኩት። መምህሩ «ተነሺ እንጂ» ብሎ በሹክሹክታ ተቆጣኝ። ባርኔጣውን ይዤ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ሰው ሳቀ። ልጆቹ ዳቦውን እንዳቀፉ ተፋጠጥን። ያን ጊዜ ከዳንግላ የመጣ አንድ ነጋዴ ከሩቅ ጮኸ፤ «ምን ትጠብቃላችሁ? ወንበሩ ሰፊ አይደለም እንዴ? ከጎኗ ተቀመጡና ብሉ!» አለ። እኔን አያውቀኝም፣ ጠመኔውን ብቻ ነው ያየው። ያቺ ባልቴት ዞር ብላ «እንዴት ይቀመጡ? የቀጥቃጩ ልጅ እኮ ናት!» አለችው። በአማርኛ ነው ያለችው፣ ጮክ ብላ። መምህር ታደለ ሰማ። ምልክት የሚሰጥበት እጁ እንደተነሳ ቀረ።

አሁን መጥቶ ከጎኔ ይቀመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። እጁን ቀስ ብሎ አወረደና አጨበጨበ። ጭውውቱ እዚህ ላይ አበቃ አለ። ሰውም አጨበጨበ። ዳቦውን እነ ይስማው ከትምህርት ቤቱ ኋላ ተካፍለው በሉት።

ስንመለስ እናቴ ቤት ገብታ የሚቦካውን ጭቃ ገለጠችና «ነገስ?» አለችኝ። እሄዳለሁ አልኳት። ጭቃውን መልሳ ከደነችው።

ሄድኩ። ገብቼ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ የነበሩት ደብተራቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ሄደው ተጣበቡ። አንጓችም ሄደች፤ ግን እንደ ሌሎቹ አልሮጠችም፣ ትንሽ ቆማ ነው የሄደችው። ይህን እንደ ትልቅ ነገር አልነግርህም። መምህር ታደለ ገባ፣ አየኝ፣ አፉን ከፈተና ማካፈል ማስተማር ጀመረ። ስንት ሳምንት ሙሉ ከባሕር ማዶ ያለውን ወንበር ሲነግረን የነበረ ሰው፣ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ሲያይ ሒሳብ አስተማረ።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ በሁለት ቋንቋ ሲነግረው ከርሞ እኔን ይጠይቀኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወደ ቀድሞው ቦታሽ ብመልስሽ አይሻልሽም? እንዳይረብሹሽ ብዬ ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ሰው አታሳፍሪ ስትለኝ የነበረህ ፊት ነው።

«አይሻለኝም፣ መምህር» አልኩት። «የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። የምቀመጠው እዚሁ ነው።»

እንዲህ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፣ አባዬ። ሰው ስለ አንተ ሲያንሾካሹክ እንጂ እኔ ሥራህን ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር። አፌ ላይ ከባድ ይመስለኝ ነበር፤ አልከበደኝም። መምህሩም ጫማውን እያየ «እሺ» አለ።

ዛሬም እዚያው ነኝ፤ ወንበሩም ባዶ ነው። ነገም እሄዳለሁ። ተዝካርህን እናቴ እንደምትችለው ታወጣለች፤ እኔ የማስታውስህ በሌላ መንገድ ነው። የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ፣ ከኋላዬ የሚያንሾካሹክ ሰው ሳይቀድመኝ፣ ስምህንም ሥራህንም ራሴ እናገራለሁ። ሰው ሊያፍር ይችላል። ይፈር።

ልጅህ