በስሜ የተከፈተው ፎልደር

ኅዳር 4

ዛሬም የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ አዲስ ሥሪት ጫንን። የመጫኛ ትእዛዞቹን የጻፍኩበት ስክሪፕት ፋይሎቹን ገልብጦ፣ ማን እንደሚያነባቸውና እንደሚጽፍባቸው ፈቃዱን ራሱ አስተካከለ። የተማሪዎቹና የወላጆቻቸው መረጃ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ የይለፍ ቃል ያለበት ፋይል ከድረ ገጹ በቀር ለማንም አይነበብም። አንድ ሰርቨር ላይ የስንቱን ደንበኛ ድረ ገጽ አጭቀን... ካልተዘጋጋ አንዱ የሌላውን ጓዳ ያያል።

ከሰዓት መምህራኑ ፎቶ መጫን አቃታቸው። “ቶሎቶሎ” የምለው የቡድን መሪያችን የወንበሬን መደገፊያ ይዞ ቆመ። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም።

"ለሁሉም ክፈቺውና እንገላገል።"

"የፎቶው ፎልደር ሰርቨሩ ላይ በተሳሳተ ባለቤት ስም ተመዝግቦ ነው። እሱን ላስተካክል፣ ታገሰኝ።"

"አንቺ ደግሞ ከነፍልስፍናሽ።"

ኅዳር 5

ጠዋት ስገባ ፎቶው ይጫናል። ስክሪፕቱን ከፈትኩ። መጨረሻው ላይ አንድ የትእዛዝ መስመር ተጨምራለች። ሁሉም ፋይል ለማንም ክፍት። ማንም ያንብብ፣ ማንም ይጻፍ። አጠፋኋት። የፎልደሩንም ባለቤት አስተካከልኩ፣ ፎቶው አሁንም ይጫናል። ለቶሎቶሎ ነገርኩት። "እሺ፣ እሺ" አለ።

ይህ "እሺ" ስንት ቀን ይቆያል?

ኅዳር 16

ጉንፋን። ሥራ አልገባሁም። ተኝቼ ዋልኩ... ደስ ሲል።

ኅዳር 21

እታለም ደወለች። የእህቴ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የሚማረው።

"አንድ የማላውቀው ሰው የልጄን ስም ከነክፍሉ ጠርቶ፣ ወድቆ ሆስፒታል ገብቷል፣ ቶሎ ብር ላኪ አለኝ። በነጠላ ጫማ ሮጬ ብሄድ ልጁ ኳስ ይጫወታል።"

ከዚያ...

"ያንን ድረ ገጽ የምትሠሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ሰርቨሩን አየሁ። ያቺ መስመር ተመልሳለች። ታምሜ በቀረሁበት ቀን። ሌባው በሌላ ደንበኛ ደካማ ድረ ገጽ ገብቶ፣ የእኛን የይለፍ ቃል አንብቦ፣ የልጆቹን ስምና የወላጆቹን ስልክ ጠርጎ ወስዷል። መስመሯን አጥፍቼ ፋይሎቹን ዘጋሁ። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ።

ኅዳር 22

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ቶሎቶሎ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

"ለውጡ የተደረገው በአንቺ ስም ነው።"

እውነት ነው። ሁላችንም የምንገባው በአንድ አካውንት ነው። ስቀጠር ሌላ ሰው ስላልነበረ በስሜ ከፈትኩት። ከዚያ የሁሉም ሆነ። ለየሰው እንዲለይ ስንት ጊዜ ለመንኩ?

"ያን ቀን እኮ ታምሜ ቀርቻለሁ።"

"ከቤትም ይገባል" አለ ቶሎቶሎ፣ ቀና ሳይል።

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን አለሰለሰ። "ነገ ርዕሰ መምህሯ ይመጣሉ። ስህተቱ የእኔ ነው ብለሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ በዚያው ያልቃል። አይ ካልሽ ግን ሥራሽን..."

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

ኅዳር 23

ርዕሰ መምህሯ መጡ። ስህተቱ የእኔ ነው አላልኩም።

"መስመሯን ያስገባሁት እኔ አይደለሁም። አንዴ አጥፍቻታለሁ። በዚህ አካውንት ሁላችንም እንገባለን። ያስገባት ሰው ራሱን ያውቃል፣ እዚሁ ተቀምጧል።"

ቶሎቶሎ የውሃውን ጠርሙስ ክዳን ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ።

ርዕሰ መምህሯ መነጽራቸውን አወለቁ። "አሁን ተዘግቷል?"

"ተዘግቷል።"

"ማን ዘጋው?"

"እኔ።"

"ለወላጆቹስ ማን ይነግርልኛል?"

ሁሉም መሬት መሬት አየ።

"እኔ እነግራለሁ። እህቴም አንዷ ናት።"

ኅዳር 25

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ጥፋቴ፣ የቢሮን ገመና በደንበኛ ፊት ማውጣት። ስለ መስመሯ አንድ ቃል የለም። አልፈረምኩም።

ርዕሰ መምህሯ፣ ማን ምን እንደነካ ካልታወቀ ከእናንተ ጋር አንቀጥልም ብለዋል። ስለዚህ አካውንቱ ይለያል። ሥራ አስኪያጁ ሥራውን ለማን ሰጠ? ለእኔ። ማስጠንቀቂያውን በሰጠኝ እጁ።

ሰልችቶኛል። ሌላ ሥራ ልፈልግ? ግን ለምን እኔ ልሂድ?

ለወላጆቹ መልእክት ላክሁ። የሆነውን ሳላለባብስ። ከእታለም መልስ የለም።

ታኅሣሥ 3

ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በየስሙ ይገባል። አሮጌውን አካውንት ደመሰስኩት። ቶሎቶሎ አዲስ ሥሪት ሊጭን ሞከረና መጣ። ወንበሬን አልያዘም፣ ፈንጠር ብሎ ቆመ።

"ሰርቨሩ ከለከለኝ።"

"የቱ ፎልደር ይከፈትልህ? ለማን?"

"ለሁ..." ብሎ ዋጠው።

ሄዶ ጥያቄውን በገዛ ስሙ ጻፈ። አንድ ፎልደር፣ ለአንድ ሥራ። ከፈትኩለት። ይቅርታ አላለም። ማስጠንቀቂያዬም አልተነሳም።

ስወጣ እታለም ደወለች። ስለ ሰርቨሩ አላነሳችም። የልጇ የፊት ጥርስ እየተነቃነቀ ነው አለችኝ። ከእኔ ከአክስቱ በቀር ማንም እንዲነቅልለት አይፈልግም አለች።