ወገብህ ላይ ያለው ሽጉጥ

ውድ ባርኮት፣

ሰላምታውን ለቅዳሜ ማታ አቆይቼዋለሁ፤ ያኔ ሁላችንም በሕይወት ካለን እንሳሳማለን። አሁን ይህን ወረቀት እህትህ ፀደይ መናኸሪያ ላይ ስትሰጥህ ኪስህ ውስጥ እንዳትከተው። እዚያው ቆመህ አንብበው። ወደ ኦቾሎ፣ ወደ እናትህ ቤት የሚወጣው መኪና ቢያመልጥህ ሌላ ይመጣል።

ለምን አልደወልክም እንዳትለኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ደውያለሁ። «ከልብህ ታረቅ» ካልኩህ ቀን ጀምሮ ቁጥሬን ስታይ እንደምትዘጋው አውቃለሁ፤ ደግሞም ይሄ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ጎረቤቶቼ በሙሉ ንግሥ ሄደዋል፣ ሲቀላ ያለችው የፓምፕ መጠገኛዬም ጭር ብላለች። የእጄን ግራሶ ታጥቤ ተቀምጫለሁ። እጄ ብረት እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ከሩቅ ልጀምር። ያንን የሽጉጥ ፈተና ታስታውሳለህ? ካምፕ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ እኔን መሣሪያ ጠጋኙን መዝጋቢ፣ እናንተን አሥራ ሁለታችሁን ተኳሽ አድርገው ዘጠኝ ቀን ያደከሙን ጊዜ። የከተማ ሰው እስካሁን ይጠይቀኛል። ኮማንዶ ሽጉጡን የሚመርጠው ስለሚያምር ነው? ሩቅ ስለሚመታ ነው? ይሉኛል ፊልም ያዩ ሁሉ። ወይ ፊልም! አንተ ግን ታውቃለህ። ሽጉጥ የሚመረጠው ክላሹ አልሠራ ብሎ፣ ጠላት ክንድ ርቀት ላይ ደርሶ ለምትቆምባት ለዚያች አንዲት ደቂቃ ነው። ያቺ ደቂቃ ባትኖር ኖሮ ማንም ወታደር ያንን ሁሉ ብረት ወገቡ ላይ አይሸከምም ነበር።

አንደኛው ሽጉጥ ቆንጆ ነበር። አንተ መጀመሪያ ያነሳኸው እሱን ነው፤ ሙሽራ እንዳየ ሰው ፈገግ ብለህ። ጭቃ ውስጥ ነክረን ስናወጣው በሦስተኛው ጥይት ያዘና አልተኩስም አለ። ሁለተኛው በጭቃም በአሸዋም ይተኩስ ነበር፤ ግን ጎኑ ላይ መጠበቂያ ቁልፍ ነበረው፣ እሱን በአውራ ጣት ሳትገፋ ምላጩ አይሳብም። አራት መቶ ሜትር አስሩጠን፣ ጆሯችሁ ሥር እየጮህን ስናስተኩሳችሁ ከአሥራ ሁለታችሁ አምስታችሁ ቁልፉን ረሳችሁት። አንተ አንዱ ነበርክ። ምላጩን እየሳብክ፣ ዝም ያለውን ሽጉጥ እያየህ የቆምከው አቋቋም እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ሦስተኛው አስቀያሚ ነበር። እንደ ጡብ ድፍን ያለ፣ እጀታው ፕላስቲክ። የሚገፋ ቁልፍ የለው፣ የሚነሳ መዶሻ የለው። ታወጣለህ፣ ትስባለህ፣ ይተኩሳል። የመጀመሪያው ጥይትም ሆነ የመጨረሻው ምላጩ ላይ እኩል ነው የሚከብደው። ተፈትቶ ሲዘረገፍ ብረቱ ጥቂት ነው፤ የጥይት ካዝናውም የአንዱ ለሌላው ይገጥማል፣ ጓደኛህ ቢወድቅ የእሱን መዘህ ትቀጥላለህ። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ላይ ጣልነው፣ አነሳነው፣ ተኮሰ። በዘጠነኛው ቀን የቱ እንደሚሻል ስጠይቅህ ያልከኝን ቃል በቃል ሪፖርቱ ላይ ጻፍኩት።

«ይሄኛው ማሰብ አይፈልግም አለቃ። እጅ ብቻ ይበቃዋል።»

እሱ ተመረጠ። ጥሩ ምርጫ ነበር፣ ዛሬም አልጸጸትበትም። ስንቱ ልጅ በዚያ ሽጉጥ ከሞት ተረፈ፣ አንተን ጨምሮ። ቆስለህ ስትሰናበት አንዱን የሸለሙህም ለዚያ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ያ ማሰብ የማይፈልግ ሽጉጥ አሁን ካንተ ጋር ወደ ዱቡሻ ሊወጣ ነው፤ አያቶቻችን ደም ሲያስታርቁ ወደኖሩበት የድንጋይ አደባባይ። የጨንቻ ልጅ ስለሆንኩ፣ የጨንቻ ሰው ይፈራል ትላለህ መቼም። አዎ፣ ፈርቻለሁ።

ወንድምህ ቴዎ የሞተ ቀን እኔ ኩልፎ ወንዝ ዳር ነበርኩ፣ የሰው ፓምፕ ልጠግን ወርጄ። አንተ ግዳጅ ላይ ነበርክ፤ ከተመለስክም በኋላ ያየሁትን አንድም ቀን በደንብ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። እሱንና ቦይ የሚጋራውን ካሱን ያጣላቸው የውሃ ተራ ነው። ካሱ ሙዙን ሊያጠጣ ቦዩን ከፈተው። ወንድምህ መጣና ተራው የኔ ነው ብሎ ዘጋው። ካሱ ከፈተው፣ ቴዎ ዘጋው። ልጆች የሚጫወቱ ነበር የሚመስለው፤ እኔ ራሴ የፓምፕ መፍቻ እንደያዝኩ እየሳቅኩ ነበር። ከዚያ ካሱ አካፋውን አነሳ። አንድ ጊዜ ነው የመታው ባርኮት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አካፋውን ጥሎ ራሱ አቀፈው፤ እየጮኸ እስከ መንገዱ የተሸከመውም ራሱ ነው። ይህን የምነግርህ ለካሱ ጠበቃ ልሆን ብዬ አይደለም። ቴዎ ለኔም እንደ ታናሼ ነበር፤ ያን ቀን ስስቅ መቆየቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ካሱ ሰባት ዓመት ታስሮ ነሐሴ ላይ ወጣ። ለመስቀል የጥበቃ ሥራ ካለህበት ከሐዋሳ ስትመጣ ሽማግሌዎቹ ዕርቁን ለዚህ ቅዳሜ፣ ለኅዳር 14 ቀጠሩ፣ አንተም «እሺ፣ እገኛለሁ» አልካቸው። ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔ ብቻ ደስ አላለኝም፤ ምክንያቱም በማግስቱ ሽጉጥህን እኔ ዘንድ አመጣህና «ስፕሪንጉን ቀይርልኝ፣ ለኅዳር እፈልገዋለሁ» አልከኝ። ኅዳር ላይ ምን አለህ? ዕርቁ ብቻ ነው ያለህ።

አሁን የምነግርህን ስታነብ ትሰድበኛለህ። ስደበኝ።

ስፕሪንጉን ቀየርኩልህ። መርፌዋንም ቀየርኳት። የጥይቱን ቂጥ የምትመታዋን ቀጭን ብረት አወጣሁና፣ ሳጥኔ ውስጥ ዓመታት የተቀመጠች ጫፏ የተሰበረ አሮጌ መርፌ በቦታዋ ከተትኩ። ምላጩ እንደ ድሮው ይሳባል፣ ቀጭ ይላል፣ ጥይቱ ግን አይነሳም። ስትረከበኝ በባዶው ሞክረኸው ምንም አልታወቀህም፤ ከተማ መሃል ደግሞ በጥይት አይሞከርም። «እጅህ ይባረክ» ብለኸኝ ሄድክ። ሁለት ወር ሙሉ የታጠቅከው ብረት ነው፣ ሽጉጥ አይደለም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሣሪያ ስጠግን የማይተኩስ ነገር ይተኩሳል ብዬ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ሥራችን እኮ ይህች ብቻ ናት። ልጁ ሲስብ እንዲተኩስለት ማድረግ። ሐዋሳ ለጥበቃ ስትወጣ የድርጅቱን ክላሽ እንደምትይዝ አስቤ ራሴን አጽናናሁ፤ ቢሆንም አንድ ነገር ቢመጣብህስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ከርሜአለሁ። ቅዳሜ ድረስ ብቻ ነው፣ ሽጉጡ አይሠራም፣ ሰው አይሞትም፣ በኋላ መርፌዋን መልሼለት እግሩ ላይ እወድቃለሁ ብዬ ነበር። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ! ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ማክሰኞ ዕለት ካሱ ሱቄ መጣ። ከስቷል፣ ሸብቷል፤ ከሩቅ አባቱ መስሎኝ ነበር። ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ስከፍተው አሮጌ ሽጉጥ ነው። ከየት እንዳመጣው አልነገረኝም። አልነካም አልኩት። እሱም ሊያሠራው አልነበረም የመጣው፤ ስላንተ ሊጠይቀኝ ነው። የምትይዘው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መጠበቂያ ቁልፍ ይኑረው አይኑረው፣ ከወገብህ መዘህ እስክትተኩስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅብህ። በሽተኛ ሐኪሙን እንደሚጠይቅ ረጋ ብሎ ነበር የሚጠይቀኝ። ፌስታሉን ወደሱ መልሼ ገፋሁለት፤ ያም መልስ ሆነው መሰለኝ። ሲሄድ በሩ ላይ ዞር አለ።

«ጋሼ፣ እኔ መግደል በቃኝ። ግን እጁ ወደ ወገቡ ሲሄድ ካየሁ አልጠብቅም።»

ይሄ ነው ያስፈራኝ። ምክንያቱም እጅህ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ሰው የተሰበሰበበት ከመግባትህ በፊት በቀኝ እጅህ ወገብህን ነካ አድርግ፣ መኖሩን አረጋግጥ እያልኩ በዱላ ያስለመድኩህ እኔው ነኝ። ሠርግ ስንሄድ ታደርገዋለህ። ጸሎት ቤት ስትገባ ታደርገዋለህ። በቴዎ ሙት ዓመት እንኳ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አድርገኸው ፀደይ ገላምጣሃለች፤ አንተ ግን ለምን እንደገላመጠችህ አልገባህም፣ ማድረግህንም አታውቅም ነበርና። ቅዳሜም ዱቡሻው አፋፍ ላይ ስትደርስ እጅህ ይሄዳል። ካሱ ያያል። የካሱ ይተኩሳል፣ ያንተ ቀጭ ይላል። እኔ ነፍስ አድናለሁ ብዬ የሠራሁት ይህ ሆነ።

ዱቡሻው መግቢያ ላይ ፈታሽ እንደሌለ ደግሞ ከኔ በላይ ታውቃለህ። ዕርቁን የሚመሩትን ጋሽ በዛብህን ረቡዕ ዕለት ሄጄ ለመንኳቸው፤ ለዚህ ለአንድ ቀን እንኳ መግቢያው ላይ ሰው ይቁም አልኳቸው። እንዳበደ ሰው አዩኝ። ዱቡሻ ብረት ተይዞ እንደማይገባ ልጅ አዋቂው ያውቃል፣ የሚታወቀውን ነገር ሰው ወገብ ላይ መፈለግ ሰውየውን መስደብ ነው አሉኝ። ለዕርቅ የመጣ ሰው ተፈትሾ ከገባ ዕርቁ ያኔውኑ ፈርሷል አሉ። እውነታቸውን ነው። እውነታቸው ግን ቅዳሜ ማንንም አያድንም።

ፖሊስ ዘንድ ልሂድ ብዬም ነበር። ሁለታችሁንም ይዘው ያሳድሯችኋል፣ ቅዳሜ ያልፋል። ከዚያስ? ደሙ ሳይታረቅ ይቀርና ሌላ ቀን፣ ሽማግሌ በሌለበት ኩልፎ ዳር ትገናኛላችሁ። ለካሱም «የባርኮት አይተኩስም፣ አትፍራ» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። የፈራ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ ጠላቱ ባዶ መሆኑን ያወቀ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም። ከጋሽ በዛብህ ስመለስ ካሱ ቤት ገብቼ ለመንኩት። እሱ ይተው፣ እኔም እተዋለሁ አለኝ። ከዚህ በላይ ልገፋው አልቻልኩም፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ ነበር የምለው። ነገሩ እንግዲህ አንተ ዘንድ መጥቶ ቆሟል።

የምለምንህ ይህን ነው። ሽጉጡን አሁኑኑ ለፀደይ ስጣት፣ ቦርሳ ይዛለች። ለኔ ታደርስልኛለች፣ እኔም ወዲያውኑ ካሱ ቤት ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ የሱንም ተቀብዬ እመለሳለሁ። ቅዳሜ ስትወጣ ለሰላም የሚያዘውን እርጥብ ሳር በሁለት እጅህ ያዝ። በአንድ እጅ አይደለም፣ በሁለት። ላብህን እንኳ አትጥረግ። መሐረብም ቢሆን ከኪስህ አታውጣ። ይቅር ባትለው እንኳ ቁጭ ብለህ ስማውና ንዴትህን በአፍህ ተናገር፣ ሽማግሌዎቹ ስድብ ችለው ያውቃሉ።

መርፌዬን መልስ ትለኝ ይሆናል። መብትህ ነው። መሣሪያው ያንተ ነው፣ የምታምንበትን ነገር ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ያወጣኋትን ደህናዋን መርፌ ልልክልህ ነበር። ዛሬ ጠዋት እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቻት ነበር። ከዚያ አላስችል አለኝና ሞተር ተኮናትሬ ኦቾሎ እናትህ ዘንድ ወጣሁ።

እማማ ሻሺቱ ደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያንተንም፣ የካሱንም፣ የኔንም ጥፋት። እንዝርቱን አስቀምጠው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። መርፌዋን አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው አገላበጧት፣ ወደ ብርሃን አቅርበው አዩአት። ያለቅሳሉ ወይም ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ በጋሞኛ ቀስ ብለው፣ ይቺን የምታህል ናት እንዴ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። መቀነታቸውን ፈቱ፣ ጫፉ ላይ ቋጠሯት፣ መልሰው ታጠቁት።

«እኔ ዘንድ ትቆይ» አሉኝ። «ልጄ ከፈለጋት መጥቶ እኔን ይጠይቀኝ።»

ከዚያ እንዝርታቸውን አንስተው መፍተል ቀጠሉ፤ እኔን ደግመው አላዩኝም።

ስለዚህ መርፌዋ እኔ ጋ የለችም ባርኮት፣ እኔን አትለምነኝ። የምትፈልጋት ከሆነ ወደ ቤት ውጣና ፊታቸው ቁም። «እማዬ፣ መርፌዋን ስጪኝ፣ ሰው ልገድልባት ነው» በላቸው። ሌላ ምክንያት አትፍጠር፣ ይህንኑ ቃል ተናገር። በገዛ እጃቸው ፈትተው ከሰጡህ ይዘሃት ና፤ ሱቄ ክፍት ነው፣ እንዲተኩስ አድርጌ እገጥምልሃለሁ።

አንድ ጊዜ የዋሸህ፣ ሁለተኛ የማይዋሽህ
ገነነ
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.