ፌንዊክ የተባለው ልጄ

ስኪፕተን፣ ዮርክሻየር
እሑድ፣ ማርች 6 ቀን 1988

ለምወድህ ልጄ ለአርኖልድ ሜትካፍ፤

እንዴት ከርመሃል? የሲድኒ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ገና ከበረዶ አልወጣንም፤ የጓሮው ቧንቧ ትናንት ፈንድቶ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስጠርግ ዋልሁ። ፖስታው ላይ «አርኖልድ ፌንዊክ» ብዬ የጻፍሁት ወድጄ እንዳይመስልህ። በሜትካፍ ስም ብልከው የምትተውንበት ትያትር ቤት ዘበኛ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ለገና የላክሁልህ ሹራብ እንደዚያ ሆኖ ነው የተመለሰው። አሁን እኔው ለብሼዋለሁ፤ እጅጌው ይረዝመኛል።

ጤናዬን በተመለከተ፣ ሳላድበሰብስ ልንገርህ። ከመኸር ጀምሮ ድምፄ ሻክሮ ነበር። ብርድ ነው እያልሁ ማር ስልስ ከርሜ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ብሄድ ጉሮሮዬ ውስጥ ካንሰር አለ ተባልሁ። ማርች 24፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሊድስ ሆስፒታል ማንቁርቴን ያወጡታል። ሐኪሙ ትድናለህ ይላል፤ እኔም አምነዋለሁ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ድምፅ የሚባል ነገር አይኖረኝም። አንገቴ ላይ በሚከፍቱት ቀዳዳ እተነፍሳለሁ፣ የምፈልገውንም ጽፌ አሳያለሁ። አርባ ዓመት ከብት ለሐራጅ የጮህሁበት ጉሮሮ በቃው። እሺ፣ ይህ ይህ ነው፣ አትደንግጥ። ብዕር ያነሳሁት ግን በሽታዬን ልነግርህ ብቻ አይደለም። ተናድጄብሃለሁ።

የትናንት ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ መጠጥ ቤት ተቀምጬ ሳለ ጎረቤቴ ኖርማን ታክ ጋዜጣ እያውለበለበ ገባ። «ና አንተ ሜትካፍ፣ ልጅህ ስለ አባቱ ተናግሯል!» አለኝ። የልቤን ደስታ ብታይ! መነጽሬን ከኪሴ አወጣሁ። ከዚያ አነበብሁ። «እኔን የወለደኝ መምህሬ ኦብሪ ፌንዊክ ነው። ይህን ድምፅ የሰጠኝ እሱ ነው» ይላል። ትልቅ ፎቶግራፍም አለው፤ አንተ ዘውድ ደፍተህ፣ እሱ ክንድህን ይዞ።

ኖርማን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ወለደኝ ነው ያለው? ለመሆኑ እናቱ ኢዲት፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚያን ዘመን ለንደን ወርዳ ታውቃለች እንዴ?» አለ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ።

«ኖርማን፣ አፍህን ዝጋ!»

«ኧረ እኔ ምን አልሁ? ልጁ ራሱ ፌንዊክ ነኝ እያለ!»

ቢራዬን አናቱ ላይ ልደፋው ትንሽ ነው የቀረኝ። ደግሞ እናትህ ብትኖር ኖሮ ከሁሉም በላይ የምትስቀው እሷ ነበረች፤ ይህን ሳስብ የባሰ ነደደኝ።

አርኖልድ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁ። ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው ሽማግሌ ሰማንያ ዓመት በሞላው ሽማግሌ ይቀናል? ይቀናል እንጂ! ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ፤ ጠዋት ተነስቼ ያንኑ ጋዜጣ ደግሜ አነበብሁት። ከሁሉ ያበገነኝ ደግሞ ታች ያለው ቃል ነው። «ፌንዊክ፣ መጨረሻ ላይ ለተቀመጠው ሰው ተናገር፣ የፊተኛውማ ይሰማሃል ይለኝ ነበር» ብለሃል። ፌንዊክ! አንተ ልጅ፣ በሞቴ ይህን ማን ነው ያለህ? ስድስት ዓመትህ ሳለ ከብት ገበያው መሃል የሳር እስር ላይ አቁሜህ የበጎቹን ቁጥር ሳስጠራህ፣ «ከኋላ ቆቡን ደፍቶ ለቆመው ገበሬ ጩህ፣ የፊተኛውማ ይሰማሃል፤ ደግሞ ከጉሮሮህ ሳይሆን ከሆድህ» ያልሁህ እኔ አይደለሁም? ምናልባት ያ ሰው በኋላ ይህንኑ ደግሞልህ ይሆናል። እሺ ደገመው። የመጀመሪያው ግን የእኔ ነበር።

የስሙንም ነገር ዛሬ ላውጣው፤ ታፍኖ ከረመ። የተዋናዮች ማኅበር ሁለት ሰው በአንድ ስም እንደማይመዘግብ፣ በርሚንግሃም ውስጥም አርኖልድ ሜትካፍ የሚባል አንድ አስቂኝ ተጫዋች ቀድሞህ እንደተመዘገበ ነግረኸኛል። ደንብ ነው፣ ገባኝ። ግን ስም ጠፍቶ ነው? የእናትህ አባት ዲንስዴል አልነበረም? ዲንስዴል ምን ይወጣለታል? ከአገሩ ስም ሁሉ መርጠህ የዚያን ሰው ስም አነሳህ። እናትህ «መምህሩን ማክበሩ ነው፣ ተወው» አለችኝ። እሷ የምትለውን አድርጌ ዝም አልሁ። ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ስትወጣ መጠጥ ቤቱ በሙሉ «የፌንዊክ ልጅ መጣ» ይለኛል።

ደግሞ የደከምህበትን አላውቅም እንዳትል። ከትወና ትምህርት ቤቱ ወጥተህ ሦስት ዓመት ጦር ይዘህ ንጉሥ ከሚሆኑት ተዋናዮች ኋላ መቆምህን አውቃለሁ። ከከተማ ከተማ ስትዞር፣ ምድጃ በሌለው የኪራይ ክፍል ካፖርትህን ለብሰህ ስትተኛ፣ ካልሲ እየሠራች የላከችልህ እናትህ ናት፤ ፖስታ ቤት የወሰድሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ንጉሥ ሆንህ፣ መስፍን ሆንህ፣ አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረውን ግጥም ትናንት እንደተጻፈ አድርገህ ትናገራለህ ይባላል። ይባላል እላለሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ለምን እንዳላየሁ አንተም ታውቃለህ።

ትልቅ ሚና የያዝህበት የመጀመሪያው ትያትር የተከፈተ ዕለት፣ ለንደን፣ እኔና እናትህ ልብስ መልበሻ ክፍልህ ገባን። ካባ ለብሰህ፣ ወርቃማ ዘውድ ደፍተህ ብድግ ስትል የማደርገው ጠፋኝ። ደስታው ከአቅሜ በላይ ሆነና አፏጨሁ፤ ደህና ወይፈን ወደ ሐራጁ ሲገባ እንደማፏጨው። ያ ፌንዊክ ብድግ ብሎ በጣቱ በሩን አሳየኝ። «ይውጡ! አሁኑኑ ይውጡ!» ለካ እናንተ ዘንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ማፏጨት መዓት ይጠራል። ያፏጨ ሰው ውጭ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ይዞርና አንኳኩቶ «እባካችሁ አስገቡኝ» ብሎ ይለምናል። እኔ ከብት ሻጭ፣ ይህን ከየት ልወቀው? ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ፣ መጋረጃ የሚሸከሙ ሰዎች እያዩኝ፣ እንደ ሞኝ ዞርሁ። ከበሩ ውስጥ ሳቅ ሰማሁ፤ ያንተም ሳቅ አለበት። ድምፅህን ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ። ያን ጊዜ እጄ አላንኳኳ አለኝ። ባቡር ጣቢያ ሄጄ ተሳፈርሁ፣ እናትህ ብቻዋን አይታህ በማግሥቱ መጣች። ከዚያ ወዲህ ባንተ ትያትር ቤት ደጃፍ አላለፍሁም።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ሊድስ ለምርመራ ሄጄ አንዲት ነርስ ያለ ድምፅ እንዴት እንደሚኖር ስታስረዳኝ ነበር። ደግ ልጅ ናት፣ ወሬ ግን ትወዳለች። «አባባ፣ ስለ ድምፅ ሲነሳ፣ ፌንዊክ የሚባለውን ተዋናይ ሰምተውታል? ባለፈው ዓመት እዚህ ሲጫወት ፀጉሬ ነው የቆመው! መምህሩ ነው አሉ ያን ድምፅ የሰጠው።»

«የእኔ ድምፅ ነው» አልኋት።

«እንዴት አሉኝ?»

«ያ ድምፅ የእኔ ነው። ልጄ ነው።»

ካርዴን አየች። ሜትካፍ ይላል። ከዚያ እጄን መታ መታ አድርጋ «አይዞዎት አባባ፣ ማደንዘዣው ገና አልለቀቀዎትም» አለችኝ። ማደንዘዣ እኮ አልወሰድሁም! ምን ልበላት? በዚህ በሻከረ ጉሮሮ ማን ያምነኛል? ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ስልኩ ይጮሃል። ፌንዊክ! ከዚያች ማታ ወዲህ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፤ ደንቆሮ ስለሆነ ይጮሃል። «ሚስተር ሜትካፍ፣ ማርች 27፣ እሑድ ማታ፣ ልደቴን ምክንያት አድርገው ለንደን ዝግጅት አዘጋጅተውልኛል። አርኖልድ ከአውስትራሊያ ለዚያች ማታ ይመጣል።» ይህንንማ ከጋዜጣው አንብቤዋለሁ። ላንድ ማታ፣ ለእሱ፣ ያን ሁሉ ባሕር ታቋርጣለህ! ስልኩን ልዘጋው ስል እንዲህ አለኝ፦ «ልጅዎ እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ እሱ ጥቂት ቃል እንዲናገሩ ፈልጎ ነበር። ራሱ ሊጠይቅዎት ፈራ።»

«ማንን? እኔን ፈራ?»

«እርስዎን ነዋ። የዚያች ማታ ቁጣዎ አልበረደም ብሎ ያስባል።»

ሰውዬው ቀጠለ። «ለእኔ የሚያወራኝ ስለ ሥራው ብቻ ነው። አንድም ገና ከእኔ ጋር አሳልፎ አያውቅም፤ ዕረፍት ሲያገኝ እርስዎ ዘንድ ነው የሚሮጠው።» ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ሰማሁ፤ ከራሴ ሆድ ስለማውቀው ወዲያው ለየሁት። ቀንቷል! ያ የለንደን ጌታ፣ ያ በሁለት ገጽ ጋዜጣ የተመሰገነ ሰው፣ በእኔ ቀንቷል። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ጥሩ ደስታ አይደለም፣ ግን ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለምን ድምፅዎ እንዲህ ሆነ ሲለኝ ብርድ ነው አልሁት። ለእሱ ምን አባቱ ብዬ ነው የምነግረው?

እንግዲህ ቀኑን አስላው፤ አንተ የምትመጣው እሑድ ነው፣ የእኔ ሐሙስ ነው። ሐኪሙን አንድ ሳምንት አዘግይልኝ ብዬ ለመንሁት። «ሚስተር ሜትካፍ፣ እኔ እችላለሁ፣ እብጠቱ ግን አይጠብቅዎትም» አለኝ። ስለዚህ እዚያ መድረክ ላይ ብወጣም ቆሜ ከማየት በቀር የምለው አይኖርም። ጽፈህ ላክና ፌንዊክ ያንብበው ትለኝ ይሆናል። በእናትህ አፈር! ስሜን ወሰደ፣ የገበያ ምክሬን ወሰደ፤ ለልጄ የምለውን ደግሞ በእሱ አፍ? በጭራሽ!

ተዋናይ መድረኩን ጥሎ አይሄድም የሚለውን ልማዳችሁን አውቃለሁ። እናትህን የቀበርን ዕለት ማታ ማንቸስተር መድረክ ላይ ነበርህ። ያን ጊዜም አልተቆጣሁህም፣ እሷም ብትሆን ሂድ ትልህ ነበር። አሁንም አላስገድድህም። ግን ካንተ ኋላ ቃልህን አጥንቶ የተቀመጠ ተተኪ አለ አይደል? ለጥቂት ማታ ዘውዱን እሱ ይድፋው፤ እሱም አባት አለው፣ ደስ ይበለው። ይህ ደብዳቤ በሳምንት ውስጥ ይደርስሃል። አልጋህን አንጥፌልሃለሁ፣ ቧንቧውንም አስጠግናለሁ።

እግዚአብሔር ከክፉ ነገር ይጠብቅህ፣ አውሮፕላንህን በሰላም ያሳርፍልህ፣ የምትቆምበትን ሁሉ ሞገስ ያልብስልህ። ስለ አንተ የማስበውን፣ አንድ ቀን እንኳ በአፌ ነግሬህ የማላውቀውን ነገር እዚሁ ልጽፈው ብዬ ነበር፤ ተውሁት። በወረቀት አልሰጥህም። እስከ ረቡዕ ማታ ድምፅ አለኝ። ና ስማኝ።

አባትህ
ኧርነስት ሜትካፍ