ያልተከፈተችው ዕጣ

ውድ ወንድሜ ሠረቀብርሃን፣

በዚህ በከበረ የሁዳዴ ወራት፣ እኔ ኃጢአተኛዋ እህትህ ሮዳስ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የወተት ብስኩት መብላቴን በታላቅ ትሕትና እናዘዛለሁ። ወተት እንዳለበት ያነበብኩት ካጋመስኩት በኋላ ነው። ከዚያ ጨረስኩት።

ስቀሃል አይደል? የሚቀጥለው አያስቅህም። እሱን ፈርቼ ነው ብስኩቱን ያስቀደምኩት።

አምና በዘወረደ ሳምንት "ገዳም ልግባ ወይስ እዚሁ አንኮበር ልኑር?" እያልክ ቤቱን ስታስጨንቅ፣ የነፍስ አባታችን አባ ተስፋሚካኤል "ዕጣ ይጣል" አሉ። አንዷ ወረቀት ላይ "ሂድ"፣ ሌላዋ ላይ "ቅር" ተጽፎ፣ ተጠቅልለው ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ሰባት ቀን ይደሩ፤ አንተም ሱባዔ ያዝ። አባባ ደግሞ "ሮዳስ ትጻፈው፤ የልጅ እጅ ንጹሕ ነው" አለ። የአባባ ሰው ማወቅ!

ሁለቱም ላይ "ሂድ" ብዬ ጻፍኩ።

ክፍልህን ፈልጌ ነበር፣ ባለመስኮቱን። ደግሞ ያለ ስልክ ሦስት ቀን አትቆይም፤ ተመልሰህ ስትመጣ ዓመት ሙሉ እስቅብሃለሁ ብዬ ነው።

በሰባተኛው ቀን አባ ጸሎት አደረሱ፤ ግማሹን መቋሚያቸው ላይ ተኝተው። ቆሞ የሚተኛ እሳቸውንና ፈረስን ብቻ ነው የማውቀው። አንዷን አነሣህና ከፈትክ። "ሂድ"። ፊትህ እንዴት በራ! እማዬ እልል አለች፤ እልልታው መሀል ላይ ተሰበረ።

"የተረፈችውንም እንያት" ብዬ ቀለድኩ።

አባ ነቁ። "አንቺ! ያልወጣ ዕጣ አይከፈትም፤ እግዜርን መጠራጠር ነው። የዕጣኑ ጥና ፍም ላይ ጣያት!"

የጣልኩ መስዬ እጄ ውስጥ ደበቅኳት።

ሦስት ቀን አለፈ። ወር አለፈ። ይኸው ዓመት። የምጽፍልህ ከክፍልህ ሆኜ ነው፤ መስኮቱ እንዲህ ብርድ እንደሚያስገባ ነግረኸኝ አታውቅም። እማዬ ለመጣ ለሄደው "እግዜር ራሱ ጠራልኝ" ትላለች፤ ከዚያ ጋቢህን ታጥባለች። ማንም አይለብሰውም። በየሳምንቱ ታጥበዋለች።

ሰሞኑን ደብዳቤህ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ልትመነኩስ ነው። አባባ ጮክ ብሎ አነበበው፦ "ረኃቡ ሲጠናብኝ፣ ልቤ ወደ እናንተ ሲሸፍት፣ ያችን ዕጣ ከዳዊቴ ውስጥ አውጥቼ አያታለሁ። የእግዜር ፈቃድ ናት ብዬ እጸናለሁ።"

ሠረቄ፣ እሷ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ናት።

ምናልባት በትክክል ቢጣልም "ሂድ" ይወጣ ነበር። ምናልባት "ቅር"። ዘንድሮ ጾሙ ከገባ ጀምሮ እየሰገድኩ እግዜርን ጠየቅኩት፤ ዝም አለኝ። ምን ይበለኝ? አምና ሊናገር ሲል አፉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

የተረፈችውን ወረቀት እዚህ ውስጥ አደርግልሃለሁ። ከያዝካት ጋር አስተያያት። ሂድም ቅርም አልልህም፤ እሱን የማለት ድርሻዬን አምና ጨርሻለሁ። ብቻ ቆቡን ከመድፋትህ በፊት እወቅ። ክፍልህንም ለቅቄልሃለሁ፤ ብትመጣም ባትመጣም።

ነጋዴው ጋሽ ታጁ በገዳምህ በኩል ወደ አልዩ አምባ ሊወርድ መኪናውን አስነሥቶ ደጅ እየጠበቀኝ ነው፤ ደብዳቤውን እሱ ያደርስልኛል። ልፈርም ስል ግን አባባ ገባ። ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች፤ አያት። አልተቆጣም። አንሥቶ አነበባት፤ ደግሞ አነበባት፤ መልሶ ጠቀለላትና እጄ ላይ አኖራት።

"ሮዳስ! ሁለቱም 'ሂድ' ነበሩ? በይ ታጁ ሳይሄድ ፈርሚና ላኪለት።"