ባሌን «ኩያ» ስለምለው

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለአቴ ሊጋያ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እናታችን ናናይ ከሳሏ ተሻላት ወይ? አውሎ ነፋሱ የገለጠው ቆርቆሮ ተመታ ወይስ አሁንም በላስቲክ ነው ያላችሁት? ባልሽ ኩያ ኔስቶርስ ከባሕር በሰላም እየገባ ነው? እኔ ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን አንቺን ዋሽቼ የት እደርሳለሁ? ፈርቻለሁ፣ አቴ።

እንደምታውቂው እዚህ አገር የቆየሁት በአሠሪዬ ስም ነው። የሥራ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው የአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ብቻ ስለሆነ ሌላ ቦታ አንድ ቀን እንኳ መሥራት አልችልም። የቋሚ መኖሪያ ማመልከቻዬንም የጀመረልኝ እሱ ነበር። በጥቅምት ግን አንዱን ፈረቃ ልንዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። አርኔል ይህን ሲሰማ «እኔ ዜጋ የሆንኩት ባልሽ እያለሁ የአሳማ ፋብሪካ ዋስ ይሁንሽ? በእኔ ስም እናዙረው» አለኝ። ወረቀት የምትሞላልን ዳልጂት የምትባል ሴት «አስቢበት፤ እስከ ዛሬ የሚመዝኑት ሥራሽን ነበር፣ ከእንግዲህ የሚመዝኑት ትዳርሽን ነው» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ትዳሬን ምን ይሉታል ብዬ ተዝናናሁ። የፈረቃ አለቃችን ቦንግ እየሳቀ «አንቺ ሴትዮ፣ በሁለት ቢላዋ አይበላም! ወይ እኛን ወይ ባልሽን!» ሲለኝ ፈረምኩ። ፋብሪካውም የራሱን ማመልከቻ ሳበ።

ለትዳሩ ማስረጃ ፎቶ፣ የቤት ኪራይ ውልና የሦስት ዓመት የስልክ መልእክቶቻችን ተጠየቁ። መልእክቶቹ በቋንቋችን ስለሆኑ ማኅተም ላለው አስተርጓሚ ላክናቸው። አርኔልን ምን ብዬ እንደምጠራው ታውቂያለሽ። ፋብሪካ በገባሁ ሰሞን ቢላዋ አሳሳል ያስተማረኝ እሱ ነበር፤ በዕድሜ ለሚበልጥ ወንድ በአክብሮት እንደሚባለው ሁሉም «ኩያ አርኔል» ሲለው እኔም አልኩ። ፍቅሩም ሠርጉም መጣ፣ ቃሉ ግን ከአፌ አልጠፋም። አስተርጓሚው «ኩያ» ያልኩበትን ሁሉ «ታላቅ ወንድሜ» እያለ ሰማንያ ገጽ ሞላ። «ታላቅ ወንድሜ፣ ምሳ በላህ?» «ታላቅ ወንድሜ፣ ያለአንተ አልጋው ይበርደኛል።» እኔ ሞኟ ማኅተሙን አምኜ ሳላነብ ላክሁት። አሁን እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የኢሚግሬሽን ሹሙ ደብዳቤ መጣ። የሥጋ ዝምድናችሁን በሠላሳ ቀን ውስጥ አስረዱ ይላል። ይባስ ብሎ መካከለኛ ስሜ ናናይ ሳታገባ የነበራት የቤተሰብ ስም፣ ማግሲኖ ነው፤ የአርኔልም የቤተሰብ ስም ማግሲኖ። እኛ አገር ድንጋይ ብትወረውሪ ማግሲኖ እንደምትመቺ ሹሙ ከየት ያውቃል? ዳልጂት ሳታባብል ነገረችኝ፤ «ወይ ወንድምሽን አግብተሻል፣ ወይ ወንድምሽ ባል መስሎ ፈርሞልሻል፣ ከሁለት አንዱን ነው የሚያስበው» አለችኝ። እምቢ ካሉኝ ወደ ፋብሪካው ፋይል መመለሻ የለኝም፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ነኝ። እኔን በአውሮፕላን ይመልሱኛል፣ እሱ እዚህ ይቀራል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በር በተንኳኳ ቁጥር በመስኮት አጮልቄ አያለሁ።

ምናልባት ለየብቻችን ይጠይቁን ይሆናል። ስለዚህ አርኔል «በስሜ መጥራት ልመጂ» ብሎኝ ነበር። ትናንት ምሳ ስንበላ «አርኔል፣ ጨው አቀብለኝ» አልኩት። ማንኪያውን አስቀምጦ ፊቱ ተለዋወጠና «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ራሱ ያዘዘኝን ረስቶት ነው። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ። ስሙን ብቻ ስጠራው የተጣላሁት ይመስለኛል፣ አቴ። ሹሙ «ባልሽን ምን ትይዋለሽ?» ቢለኝ ስሙን ብነግረው ውሸት ነው፤ እውነቱን ብነግረው ደግሞ ያስባርረኛል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጊልኝ። አንደኛ፣ የናናይን የልደት ወረቀትና የአርኔልን አባት የልደት ወረቀት ከማዘጋጃ ቤት አስወጪ፤ የእኔና የአርኔል አያቶች የተለያዩ መሆናቸው ይታይ። ሁለተኛ፣ ናናይን ቀበሌ ይዘሻት ሂጂና በመሐላ ቃሏን ትስጥ። አባታችንን ታታይን አርባ ዓመት ሙሉ ምን ብላ ትጠራው እንደነበር ትናገር። አባታችን ከተቀበረ ወዲህ ያን ቃል ከአፏ አንድ ቀን ሰምተን አናውቅም፤ ከባድ እንደሚሆንባት አውቃለሁ። ካለቀሰች ታልቅስ፤ ጸሐፊው ይጠብቃት። ግን «ኩያ እለው ነበር፣ ስድስት ልጅም ወለድኩለት» ትበል፣ ጣቷንም ታሳርፍበት። እኔን ባሌ ጋ የሚያቆየኝ ከእሷ አፍ የሚወጣው ቃል ነው።

ናናይን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ መባረር የሚለውን ግን አትንገሪያት። ለኩያ ኔስቶር ሰላምታዬ ይድረሰው። ልጅሽን ጄሪክን ፈተናውን በማለፉ እንኳን ደስ አለህ በይልኝ፤ እህቱን ትንሿን ማይላን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለጎረቤታችን ለአሊንግ ፓሲታም ለጸሎቷ እጅ ነሥቻለሁ። አርኔልም በጣም ሰላም ብሏችኋል።

ወረቀቱን በፈጣን ፖስታ ላኪው። የቀሩን ሃያ አንድ ቀናት ናቸው።

ታናሽ እህትሽ ሮዌና

ማኒቶባ፣ ካናዳ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019