በሌለሁበት በስሜ የሚከፈተው ኮምፒዩተር

ጥር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለጓድ ዳኛው አስማረ
የመዝገብ ክፍል ኃላፊ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የክፍሉ ኮምፒዩተር ማንም ሲያበራው በእኔ ስም የምልምሎችን ዝርዝር መክፈቱ እንዲቀርልኝ ስለማመልከት

1. እኔ አመልካች በክፍሉ ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። አምና ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ኮምፒዩተሩን ሲተክል አሠራሩን የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ማብሪያው በተነካ ቁጥር ማንንም ሳይጠይቅ በእኔ ስም ገብቶ የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎችን ዝርዝር በራሱ እንዲከፍት አድርጎት ሄደ። ያን ጊዜ ሥራ ቀለለልኝ ብዬ መርቄው ነበር፤ ምነው አፌን በቆረጠው።

2. ዛሬ አምስት ሰዎች ይሠሩበታል። ጓድ ምናለ የንብረት መዝገብ፣ ጓድ ጽጌሬዳ ደብዳቤ ለመሥራት ሲያበሩት እንኳ የሚቀድማቸው የእኔ ስምና ያ ዝርዝር ነው።

3. ኅዳር 15 ቀን ከዝርዝሩ የአንድ ልጅ ስም ጠፋ። ኮምፒዩተሩ ባተመው ወረቀት ግርጌ አጥፊ ተብሎ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈው ስም የእኔ ነው። በዚያ ዕለት ኮላ ድባ በእናቴ ሰልስት ላይ ነበርኩ፤ ፈቃዱን የፈረሙልኝም እርስዎ ነዎት። ጉዳዩን የያዙት መርማሪዎች ግን ማሽን አይዋሽም ብለው ሦስት ጊዜ ጠርተውኛል። ለፊታችን ሰኞም ቀጠሮ ተሰጥቶኛል።

4. የባሰው ሌላ ነው። የልጁ እናት ወይዘሮ አየለች ቤቴ መጥተው ጉልበቴን ሳሙ። እኔ አላደረግሁትም ብላቸው፣ «ምነው ልጄ፣ ከእኔም ትደብቂያለሽ? ሸጋ አርገሻል» አሉኝ። ወሬው ከአራዳ ገበያ አልፎ ወለቃ መንደር ደርሷል። አሁን ጧት ጧት እናቶች የልጆቻቸውን ስም በብጣሽ ወረቀት አስጽፈው ደጄ ላይ ይጠብቁኛል። ላባርራቸው አንጀቴ አይችልም፤ ልቀበላቸው ወንጀል ነው። ሥራዬን ልልቀቅ ብል ጥፋቷን አምና ሸሸች እባላለሁ። ቢሮ ስገባ ደግሞ ያው ዝርዝር ሳልጠራው ተከፍቶ ይጠብቀኛል። መድረሻ አጣሁ።

5. ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሲበራ የሠራተኛውን ስም አስቀድሞ እንዲጠይቅ፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ሥራ ብቻ እንዲከፍት፣ ለእኔ ይህ ዝርዝር ከእንግዲህ ፈጽሞ እንዳይከፈትልኝ ለባለሙያው ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ጓድ ኃላፊ፣ ያንን ስም ማን እንዳጠፋው አላውቅም። እኔ የማንንም ስም አላጠፋሁም። ዛሬ ጧት ግን ዝርዝሩ ሲከፈት የአንዲት ጎረቤቴን ልጅ ስም ፈልጌ አገኘሁት፤ እጄም ማጥፊያው ቁልፍ ላይ ብዙ ቆየ። እስከ ዛሬ ላለው እምላለሁ፤ ለነገው ግን ለራሴ ዋስ መሆን አልችልም።

ፈጣን መልስዎን እየተማጸንሁ፣
ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
እቴነሽ ሀብተሥላሴ